ከዜሮ በታች የማታውቅ ዕቃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሰው የሚሠራው ነገር ብዙ አይደለም። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተኮፈሰች ፀሐይ ዘወር ስትል ብርዱ ቤት ለቤት ይዞራል። ግማሹ አረቄውን ፉት ይላል፤ ግማሹ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ዜና ያያል፤ ቀሪው የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተከለውን ሰው ነፍሱን ይማር እያለ ይተኛል። በቅርብ ዓመታት ግን ከሦስቱም ያልሆነ ወገን ብቅ ብሏል። አፍንጫውን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ትንሽዬ ሰሌዳ ላይ ሽቦ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት «እንዲነጋገሩ እያደረግኋቸው ነው» ይላል። «እነማን?» «ይቺ ሰሌዳና ያቺ ሰሌዳ»። የቤቱ ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ ዝም ይላል። ጠበል ይሻለው ይሆን ብሎ በልቡ የሚያስብም አይጠፋም።

እኛ ቤት ይህን አመል ያስገባው የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይዞት መጣ፣ ወደ እኔ ተጋባ፣ እናቴም ብትሆን «ኧረ እኔ የለሁበትም» እያለች ቀስ በቀስ ገብታበታለች።

ነገሩ ማይክሮኮንትሮለር ይባላል። አንዲት ቺፕ ውስጥ የታጨቀ ሚጢጢ ኮምፒውተር ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አለ፣ መኪና ውስጥ አለ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ አለ። ለጀማሪ እንዲመች በሰሌዳ ላይ ተሰናድተው ከሚሸጡት ሁሉ ስሙ የገነነው አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኢቭሪያን አናውቃትም እንዳትሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤያችንን ሲያንቋቋ የኖረው የኦሊቬቲ ታይፕራይተር አገሩ እዚያው ነው። ሰሌዳው ስሙን ያገኘው ሠሪዎቹ ያዘወትሩት ከነበረ መጠጥ ቤት ሲሆን፣ መጠጥ ቤቱ ደግሞ ስሙን የወረሰው ከሺህ ዓመት በፊት በዚያ አገር ከነገሠ አርዱይን ከሚባል ንጉሥ ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበራችን ቆጨችኝ። ንጉሥ ሞልቶናል፣ ጠጅ ቤት ሞልቶናል፤ ሰሌዳው ብቻ ነው የጎደለን።

አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ዋናው ሰሌዳ ፕሮግራም የሚያስቀምጥበት 32 ኪሎባይት፣ ሲሠራ የሚያስብበት ደግሞ 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። ይህን ወግ አንብብ ቢባል ገና አንኮበር ጋ ሳይደርስ አእምሮው ይሞላል። ነገር ግን በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣ አይሰለችም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። እንደ እኔ ቢሮ የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት የመጀመሪያ ሥርዓት አንዲት ኤልኢዲ መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው። አንድ ሰከንድ ትበራለች፣ አንድ ሰከንድ ትጠፋለች፣ እንደገና ትበራለች። የእህቴ ልጅ ይህን ሠርቶ ቤተሰቡን ሰብስቦ አሳየን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጥቂት ተመለከተችና «ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ብር የወጣው? ማብራትና ማጥፋቱንማ የቤታችን መብራት ራሱ በየማታው በነጻ ያሳየን የለም ወይ?» አለች። ልጁ «እማዬ፣ ይቺ እኮ በትእዛዝ ነው» ቢላት፣ «የእኛስ ያለ ትእዛዝ የሚጠፋ መስሎህ ነው?» ብላ ዘጋችው።

እዚህ ሥርዓት ላይ ለመድረስ ራሱ ወገብ የሚያጎብጥ አንድ መሰናክል አለ፤ መሰናክሉም ኬብል ነው። ሰሌዳውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ኬብል በውስጡ አራት ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለቱ ኮረንቲ፣ ሁለቱ ዳታ ያሳልፋሉ። መንገድ ላይ ከሚሸጡት ርካሾቹ መካከል ብዙዎቹ ሁለቱን የዳታ ሽቦዎች ያስቀሩና ቻርጅ ማድረግ ብቻ ይችላሉ። ሰሌዳው ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን «ማንንም አላየሁም» ይላል። ጀማሪው ሰሌዳው ተቃጠለ ይላል፣ ፕሮግራሙን ያጠፋል፣ እንደገና ይጭናል፣ ያለቅሳል። ከእኛ ሰፈር ያለ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ግን ኬብሉን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ «ይኼ ለቻርጅ ነው፤ ዳታ የለውም» አለና ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ወፍራም ኬብል አውጥቶ ሰጠን። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ። መድረክ ላይ ወጥቶ አይናገርም፣ ሰርተፍኬት ግድግዳው ላይ አልሰቀለም፤ በቴስተሩ ሁለት ጫፍ ግን የማያገኘው በሽታ የለም። ጀማሪ ሰሌዳ ከመግዛቱ በፊት እንዲህ ያለውን ሰው ቢወዳጅ ይሻለዋል።

ዕቃም ቢሆን ሁሉም የግድ ከውጭ አይመጣም። የሞተ ፕሪንተር ሞተር አለው፤ የሞተ ሬዲዮ ሬዚስተርና የመዳብ ሽቦ አለው፤ የሞተ ላፕቶፕ ባትሪ ቢፈታ በውስጡ ካሉት ሲሊንደሮች አንድ ሁለቱ ገና ነፍስ አላቸው። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለው ሰው የጣልነውን ሁሉ መልሶ የሚሸጥልን ይህን ስለሚያውቅ ነው። ባትሪውን ግን የደጋ ሰው ልብ ይበለው፤ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይበላሻል። በሶላር እየሞላ ደጅ የሚያድር ዕቃ የሚያስብ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሞቅ እስክትል ይታገሥ።

አሁን ወደ ውርጩ ልምጣ፤ ሁሉ ነገር መልክ የያዘው በእሱ ነው።

የእህቴ ልጅ መብራቷን ካበራና ካጠፋ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የፈረንጅ ትምህርት ሁሉ ተከትሎ ሊሄድ ነበር። አበባ ውኃ ሲጠማው የሚናገር ማሰሮ፣ ድመት ስትገባ የሚከፈት በር፣ ምን ቅጡ። እኛ ቤት ድመቷ በፈለገችው ሰዓት በፈለገችው ቀዳዳ ነው የምትገባው፤ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። እናቴ ናት «እስቲ የሚጠቅም ነገር ሥሩ፤ ውርጭ የሚመጣበትን ሌሊት ይንገረኝ» ያለችው። ከዚያ ቃሏ በኋላ መማሩ ራሱ ሌላ ሆነ። ሰው በራሱ ደጃፍ ካለ ጣጣ ሲጀምር ኤሌክትሮኒክሱ ከኋላው ይከተላል፤ ከኤሌክትሮኒክሱ ሲጀምር ግን ጣጣ ፍለጋ ሲዞር ዕቃው አቧራ ይጠጣል። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

እኛ አገር ውርጭ ቀልድ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር መልሶ ያለብሳት ነበር። ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ረባዳው ይወርድና እዚያ ይተኛል። ዳገት ላይ ያለው ባቄላ ሲተርፍ በረሳ ወንዝ ዳር ያለው ጠቁሮ የሚያድረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በጀማሪ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ሁሉ አንዲት ሰማያዊ ወንፊት የለበሰች የሙቀት መለኪያ አለች፤ ዲኤችቲ11 ትባላለች። ርካሽ ናት፣ እርጥበትም ትለካለች፣ ሁሉም ይወዳታል። አምራቿ የሚምልላት ግን ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ብቻ ነው፤ በዚያም ውስጥ ሁለት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ልትስት እንደምትችል ጽፎላታል። ይቺን ዕቃ ኅዳር ላይ ጓሮ አሳደርናት። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ የውኃው ባልዲ ቆዳ አውጥቷል።

«ስንት ትላለች?» አለች እናቴ።

«ዜሮ።»

«ይኼ ሁሉ በረዶ ዜሮ ነው?»

«ከዜሮ በታች መቁጠር አትችልም እማዬ፤ ሲሠሯት እንዲህ ነው የሠሯት።»

«እንግዲያው የቆላ ሰው ናት በለኛ።»

ለደጋ የሚሆነው ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው፤ ከ55 ዲግሪ ከዜሮ በታች ጀምሮ እስከ 125 ዲግሪ ይለካል። ጫፉ በብረት ተሸፍኖ ረጅም ሽቦ ያለው ዓይነት ስለሚሸጥ ጭቃም ዝናብም አይፈራም። የሚፈልገው በዳታ ሽቦውና በኮረንቲው መካከል አንዲት የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብቻ ነው። መለኪያውን የሚያስቀምጡበት ቁመት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጠራ ሌሊት ሰው ደረት ላይ ያለው አየር ገና ሦስት አራት ዲግሪ ሲሆን ሣሩ ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ከጎመኑ ቅጠል እኩል ዝቅ ብሎ መታሰር አለበት።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ሁሉ ሽር ጉድ አጥር ተደግፈው ሲመለከቱ ከረሙና አንድ ቀን ጠየቁ።

«አንተ ልጅ፣ ውርጭ ሊመጣ ነው ብሎ ነገረህ እንበል። እኔ ከዚያ ምን ላድርግ? ገብሱን ቤት ላስገባው?»

እውነት ለመናገር ከሰማኋቸው የቴክኖሎጂ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያክል አላውቅም። ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ስለ ዲጂታል ግብርና ሲናገሩ ተነሥቶ «ገብሱን ቤት ላስገባው?» የሚል ሰው ቢኖር ብዙ ገንዘብ ይተርፍ ነበር። ልጁም መለሰላቸው። «ለገብሱ የማደርግልዎ የለም ጋሼ። ለችግኝዎና ለጎመኑ ግን ከመምሸቱ በፊት መሬቱን ውኃ ያጠጡታል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ማታ ጭድ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ያለብሱታል»። አዛውንቱ አሰቡበትና «ለጎመኑማ ደኅና ነው። ግን ከመጣ በኋላ ከነገረኝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አሉ። በእሳቸው ቃል መሠረት ማስጠንቀቂያው ዜሮን ሳይጠብቅ ገና 4 ዲግሪ ላይ እንዲጮኽ ተደረገ። የእኛ ዕቃ መሐንዲሷ እናቴ፣ አማካሪው አዛውንቱ ናቸው፤ እኔና ልጁ ሽቦ ሰኪዎች ነን።

ጓሮ ያለው መለኪያ ቤት ውስጥ ላለው ደወል እንዴት ይናገር? ገመድ ይዘርጋ ቢባል ዶሮውም በጉም ያልፍበታል። እዚህ ላይ ነው ገመድ አልባው የሚመጣው። ኤስፕረሲፍ የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ያለበት ሰሌዳ ዋይፋይና ብሉቱዝ በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ኢኤስፒናው በሚባል መንገድ ሁለት ሰሌዳዎች ራውተር ሳይኖር፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ካርድ ሳይሞላ በቀጥታ ይነጋገራሉ። «ኔትወርክ የለም» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። እናቴ ይህን ስትሰማ ነው መጀመሪያ ያከበረችው።

ጠላቱ ግን ቆርቆሮ ነው። የእነዚህ ሰሌዳዎች ሞገድ 12.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ርዝመት አለው፤ ብረት ሲያገኝ ይመለሳል፣ እርጥብ ጭቃና ወፍራም ድንጋይ ሲያገኝ ይደክማል። የእኛ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ ነው። የሬዲዮ ሞገድን ለመከልከል ተብሎ ቢሠራ ከዚህ የተሻለ አይሠራም። በሩ ሲከፈት ሰሌዳዎቹ ይነጋገራሉ፤ ሲዘጋ ይኮራረፋሉ። ልጁ አንቴና ሊገዛ ሲነሣ እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ «ስልኩ የሚይዝልን የት ነው? መስኮቱ ጋ ምስማሩ ላይ አይደል? እሱንም እዚያ ስቀሉት» አለች። ሰቀልነው፤ ያዘ። ስልኩና ሰሌዳው በአንድ ሞገድ አይሠሩም፤ ቢሆንም መስኮት ለሁሉም መስኮት ነው። በየገጠሩ ኔትወርክ የሚይዝበት ድንጋይ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ዛፍ፣ ስልክ ተንጠልጥሎ የሚውልበት ምሰሶ አለ። ያን ድንጋይ ፈልጎ ያገኘ ሰው ስለ ሞገድ የሚያውቀው ቀላል አይደለም።

ገመድ አልባ ነገር ከፍታ ይወዳል፤ ከፍታ ደግሞ የአንኮበር ሀብት ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደጋው ድንገት ያልቅና ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሆኖ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ቁልቁል ይታያል። የሸዋ ነገሥታት ቦታውን የመረጡት የሚመጣውን ቀድሞ ለማየት ነው። ሎራ የሚባለው አነስተኛ ኃይል የሚጠቀም የሬዲዮ ዘዴም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በመካከል የሚከልል ሳይኖር መተያየት። በባሉን ሰማይ ላይ የወጣ የሎራ መሣሪያ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተሰምቷል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ግን ያን ያህል ባይርቅም መካከል ላይ ተራራው ስለሚገባ በቀጥታ አይሞከርም፤ ወይ ጫፉ ላይ አቀባባይ ማስቀመጥ ነው፣ ወይ ደውሎ መጠየቅ።

አዲስ ዕቃ መጠርጠርም ለሸዋ ባዕድ አይደለም። አንጎለላ ተወልደው አንኮበር የነገሡት ዐፄ ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ፣ ሰው ሳይኖር ድምፅ የሚያወጣው ሰይጣን ነው ተብሎ በካህናቱ ዘንድ ጉምጉምታ ነበር ይባላል። ንጉሡ ግን ዕቃ ወዳጅ ነበሩና አልሰሙም። የስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ፤ ዛሬ ካህኑም ዲያቆኑም ስልኩን ከቀሚሱ ኪስ ያወጣል። ገመድ አልባውን መገናኛ ለዓለም ያስተዋወቀው ማርኮኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 አትላንቲክን አሻግሮ ምልክት ተቀበለ፤ በኋላ የሞሶሎኒ ታላቁ የፋሽስት ምክር ቤት አባል ሆኖ አገራችን ስትወረር ከወራሪው ጎን ቆመ። ሞገዱን እንጠቀምበታለን፤ ሰውየውን ግን እኛ ቤት ማንም አያመሰግነው።

ሞገድ ባለቤት እንዳለውም ማወቅ ደግ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉልበት ያለው ማሰራጫ ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ እዚያ ይጠይቅ። ሩቅ መነጋገር ያማረው ደግሞ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ይፈልግ፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ድምፁን ለመስማት ሌሊት የሚያድሩለት ጣቢያ ነው።

ዕቃ ይዞ መንገድ መሄድም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ ዘመን ባትሪ፣ ሽቦና ብልጭ የምትል መብራት በአንድ ፌስታል ይዞ ኬላ ማለፍ ጤና አይደለም። ልጁ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ፈታሹ ፌስታሉን ከፍቶ ብዙ ቆየ። «ይኼ ምንድን ነው?» «የውርጭ ማስጠንቀቂያ ነው።» ፈታሹ ኮቱን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገና «ወዴት ነህ?» «ደብረ ብርሃን።» «እዚያ ውርጭ መኖሩን ለማወቅ መሣሪያ አስፈለገህ?» ብሎ ሳቀና አሳለፈው። እናንተ ግን ባትሪውን ነቅላችሁ ለብቻው ያዙ፤ ሁሉም ፈታሽ ጨዋታ አይወድም።

የመጨረሻው ውጊያ ከፊደል ጋር ነበር። ደወሉ ከመጮኹ ሌላ ነገሩን በጽሑፍ እንዲናገር ተፈለገ። በየሳጥኑ የሚገኘው ባለ ሁለት መስመር ማሳያ የሚሠራበት ቺፕ ጃፓኖች የነደፉት ነው፤ በሆዱ የላቲንና የጃፓን ፊደል አለው፣ የእኛ የለውም። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ለሚስላቸው ለስምንት ምልክቶች ቦታ ትቷል፤ እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ በወርድ፣ 8 ነጥብ በቁመት። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ላለን ሕዝብ ስምንት ቦታ ስድብ ይመስላል። ልጁ ግን ቆጠረና «ውርጭ መጣ» አምስት ፊደል ብቻ መሆኑን አገኘ። ባለ መስመር ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ መሳል ጀመርን። ው እሺ አለ። ር እሺ አለ። ጭ ግን አስቸገረ፤ እግሩን ስንሠራ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱን ስንሠራ እግሩ ይታጠፋል። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረችው እናቴ ማሳያውን አቅርባ አርቃ አየችና «ይኼ ጭ ነው ወይስ ጥ?» ብላ ጠየቀች። አንዲት ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረች። «አሁን ጭ ሆነ» አለች።

ዕቃው አሁን ይሠራል። አዛውንቱ ጎረቤታችንም ማታ ማታ በአጥር ላይ «ዛሬስ ስንት አለች?» ይላሉ፤ ቁጥሩ ሲነገራቸው ሰማዩን አንጋጠው አይተው በራሳቸው ያረጋግጣሉ። እስከ ዛሬ ከመሣሪያው ጋር የተጣሉበት ሌሊት ጥቂት ነው፤ ሲጣሉም የተሳሳቱት ሁልጊዜ እሳቸው አይደሉም።

እንግዲህ ከደጋው ሰው መካከል ልጀምር የምትሉ ካላችሁ ትልቁን ሳጥን አትግዙ። አንድ ሁለት ኢኤስፒ32፣ አንድ ዲኤስ18ቢ20 ከሬዚስተሯ ጋር፣ ዳታ ያለው ኬብል፣ ከሞባይል ጠጋኙ የምትዋሱት ቴስተር ይበቃል። ሳጥኑን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነም ዲኤችቲ11ን አትጣሏት፤ ሸዋ ሮቢት ላለ ዘመድ ላኩለት፣ እዚያ ከዜሮ በታች የሚጠይቃት የለም።